ድንጋይ ገልብጦ ቦርከናን መመርመር፦ በወንዝ ወለል እንስሳት የውሃ ጥራት አለካክ ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ

ከወንዝ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ ላቦራቶሪ የሚወስድ ሰው የሚያገኘው መልስ ስለዚያች ሰዓት ውሃ ብቻ ነው። ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ ጎሕ ሲቀድ አልፎ ሄዷል፤ ጠዋት የተቀዳው ናሙና ደህና ነው ይላል። ድንጋይ ሥር የሚኖሩት ትንንሽ አከርካሪ አልባ እንስሳት ግን የትም አልሄዱም። እንደ ዝርያቸው ከጥቂት ሳምንት እስከ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ውሃ ውስጥ ስለሚቆዩ፣ ሌሊት ያለፈውም ባለፈው ወር የደረሰውም በእነሱ ላይ ይታያል። የማይችሉት ይሞታሉ ወይም በውሃው ተወስደው ይሄዳሉ፤ የሚችሉት ይበዛሉ። ደሴ ላይ የከተማ ቆሻሻ፣ ኮምቦልቻ ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ለሚቀበለው የቦርከና ወንዝ ይህ ዘዴ ከኬሚካል ምርመራው ጎን ለጎን መሄድ አለበት የምንለው ለዚህ ነው።

የማይሠራውንም አስቀድመን እንናገር። እንስሳቱ ውሃው ይጠጣል አይጠጣም አይሉም። ጥሩ ነጥብ ያገኘ ጅረት ውስጥ ከላይ ከብት የዋለበት ከሆነ ተቅማጥ የሚያመጣ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል፤ እንስሳቱ ለዚህ ግድ የላቸውም። ክሮም ስንት ሚሊግራም እንዳለም አይነግሩም። የሚናገሩት ወንዙ እንደ ወንዝ በሕይወት አለ ወይስ የለም የሚለውን ነው፤ ደግሞም የት ቦታ ላይ እንደተጎዳ።

ይህ ሥራ ሲበላሽ አብዛኛውን ጊዜ የሚበላሸው ቆጠራ ላይ አይደለም፣ ቦታ መረጣ ላይ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከል ቦርከና በዶቃቂት ገደል በኩል ይወርዳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የተሰበሰበውን ከኮምቦልቻው ጋር በቀጥታ አነጻጽሮ ልዩነቱን ሁሉ ለብክለት መስጠት አይቻልም። ከፍታውና ሙቀቱ ብቻ የነዋሪዎቹን ዓይነት ይቀይራሉ። ገደሉ ራሱም ውሃውን እየመታ አየር ስለሚያስገባበት፣ ከሥሩ ያለው ቦታ ከከተማው ግርጌ ካለው የተሻለ መስሎ ሊታይ ይችላል። ደሴን የሚመረምር ከከተማው በላይ ካሉት ጅረቶች አንዱን ማነጻጸሪያ ያድርግ። ኮምቦልቻን የሚመረምር ደግሞ ወንዙ ወደ ከተማው ሳይገባ፣ እንደ ወርቃና ለዮሌ ባሉት ገባሮችም ላይ የፋብሪካ ፍሳሽ ሳይቀላቀል በፊት ያለውን ክፍል ይያዝ። ወደ ኮምቦልቻ የሚገባው ቦርከና የደሴን ቆሻሻ ቀድሞ ተሸክሞ እንደሚመጣ አትርሱ፤ እዚያ የምትለኩት ንጽሕናን ሳይሆን ጭማሪውን ነው።

ለአንድ የፍሳሽ ቱቦ ቢያንስ ሦስት የናሙና ነጥብ ያስፈልጋል። አንዱ ከቱቦው ከ50 እስከ 100 ሜትር በላይ፣ ሁለተኛው ፍሳሹ ከወንዙ ጋር ሙሉ በሙሉ ከተቀላቀለ በኋላ፣ ሦስተኛው ራቅ ብሎ ወንዙ ማገገሙን ለማየት። ሁለተኛው ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። ፍሳሽ በአንድ ዳርቻ ታክኮ ረጅም መንገድ ሊሄድ ስለሚችል በሌላው ዳርቻ መረብ የጣለ ሰው ምንም ሳያይ ይመለሳል። ቀለሙ ወይም አረፋው ከዳር እስከ ዳር እስኪደርስ ውረዱ፤ ቀለም ከሌለው በሁለቱም ዳርቻና በመሐል የሙቀትና የኮንዳክቲቪቲ (ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም) ንባብ ውሰዱ፣ ሦስቱ ሲቀራረቡ ተቀላቅሏል። ከድልድይ ሥር፣ ልብስ ከሚታጠብበት፣ መኪና ከሚታጠብበት፣ ከብት ከሚሻገርበትና አሸዋ ከሚወጣበት ቦታ ራቁ። አሸዋ የሚወጣበት ወለል ያለ ምንም ፍሳሽ እንኳ ባዶ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ ወለሉ ይመሳሰል። ከላይ ውሃው በድንጋይ ላይ እየተንሿሿ ከሚወርድበት፣ ከታች ደግሞ ከጭቃ ላይ ናሙና ብትወስዱ፣ ከታች ትልና ትንኝ ብቻ ማግኘታችሁ አይቀርም፤ ጭቃ ንጹሕም ሆነ የትልና የትንኝ እጭ ቤት ነው። ድንጋይን ከድንጋይ፣ ሣርን ከሣር፣ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰው እግርና በእኩል ደቂቃ።

ጊዜው ሌላው ነገር ነው። ክረምቱ ወለሉን ጠርጎ ስለሚወስደው ከትልቅ ጎርፍ በኋላ ነዋሪዎቹ እስኪመለሱ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት መጠበቅ ይበጃል። በእኛ አካባቢ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር ያለው ወቅት ምርጡ ነው። የበልግ ዝናብ ሲገባ ወለሉ እንደገና ይነካል። ግንቦትና ሰኔ ላይ ፈሳሹ ተቆራርጦ የተኛ ውሃ ብቻ ከቀረ ነጥብ አትስጡ፤ የነጥብ አሰጣጡ ለሚፈስ ውሃ የተሠራ ነው።

ዕቃው ብዙ አይደለም። የመረቡ አፍ 30 በ30 ሴንቲሜትር ይሁን፤ ከስምንት ሚሊሜትር ብረት አስበይዶ እጀታውን አንድ ሜትር ተኩል ማድረግ ይቻላል። ጨርቁ ላይ ግን አትደራደሩ። የቤት አጎበር አይሆንም፤ ቀዳዳው ከአንድ ሚሊሜትር ስለሚበልጥ ትንንሾቹ ሁሉ ያመልጣሉ። የሚፈለገው ግማሽ ሚሊሜትር ቀዳዳ ነው። ስስ የመጋረጃ መረብ ወይም የዱቄት ወንፊት ጨርቅ ሲገዛ ማስመሪያ አስደግፋችሁ ቁጠሩ፤ በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ ከ12 እስከ 15 ቀዳዳ ካለ ይሆናል። ከረጢቱ ከ40 ሴንቲሜትር ያላነሰ ጥልቀት ከሌለው ውሃው መልሶ እየገፋ የገባውን ያስወጣዋል። ሌላው ባልዲ፣ ጠርዙ ከፍ ያለ ነጭ ትሪ፣ ወረንጦ፣ የፕላስቲክ ማንኪያ፣ አሥር እጥፍ የሚያጎላ የእጅ መነጽር፣ ክዳኑ የማያፈስ ብልቃጥ፣ እርሳስና ሰዓት ነው።

ቦቲ ጫማና ክንድ የሚሸፍን ጓንት ግን የግድ ነው። በቦርከና ሸለቆ ቢልሃርዚያ አለ፤ አስተላላፊው ቀንድ አውጣም የሚፈለገው እናንተ መረብ በምትጥሉበት ዳርቻ ባለው የተረጋጋ ውሃ ውስጥ ነው። ከፋብሪካ ፍሳሽ በታች ያለ ውሃ ቆዳ ሊያቃጥል ይችላል። ደግሞም ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደሴ ላይ ከዘነበ ደራሽ ውሃ ይመጣል። ውሃው በድንገት ሲደፈርስና ቅጠልና እንጨት ሲያመጣ መረቡን ጥሎ መውጣት ነው።

ናሙና ሲወሰድ ከታች ወደ ላይ እየተራመዱ ነው፤ ከላይ ከተጀመረ ያላያችሁትን ቦታ ራሳችሁ ታደፈርሱታላችሁ። መረቡ ወለሉን ነክቶ፣ አፉ ወራጁ ወደሚመጣበት ዞሮ ይቁም። ከመረቡ ፊት ግማሽ ሜትር ባለው ቦታ ድንጋዮቹን በእግር እየፈነቀሉ ወለሉን ማተራመስ። በጠቅላላ ሦስት ደቂቃ፣ ግን በአንድ ቦታ አይደለም፤ ፈጣን፣ መካከለኛና ዳር ያሉትን ስድስት ያህል ቦታዎች በሠላሳ ሠላሳ ሴኮንድ ማዳረስ ይሻላል። ከዚያ የጡጫ መጠን ያላቸው አምስት ድንጋዮች አንሥታችሁ በመረቡ አፍ ላይ በእጅ እሹ። ጥቁር ዝንብ እጭና ከጠጠር ቤት የሚሠሩት፣ ካዲስፍላይ የሚባሉት የነፍሳት እጮች ተጣብቀው ስለሚኖሩ በእግር ብቻ አይነሡም። በዳርቻው የተንጠለጠለ ሣር ካለ ሁለት ሜትር ያህሉን በመረቡ ጥረጉ፣ ግን ለብቻው ያዙት።

የተሰበሰበውን ባልዲ ውስጥ ገልብጣችሁ ውሃ ጨምሩ፣ አዙሩ፣ ተንሳፋፊውን መልሳችሁ ወደ መረቡ አፍስሱ። አምስት ጊዜ ያህል ሲደጋገም አሸዋው ከታች ይቀራል። ያንን አሸዋ ሳያዩ መድፋት የተለመደ ጥፋት ነው፤ ቀንድ አውጣና ከአሸዋ ቤት የሠራ ካዲስፍላይ ከባድ ስለሆኑ የሚቀሩት እዚያ ነው። ትሪው ላይ ከሁለት ሴንቲሜትር ያልበለጠ ውሃ አድርጉና ሁለት ደቂቃ ሳትነኩ ጠብቁ። ቆሻሻው ሲረጋ መንቀሳቀስ ይጀምራሉ። መልቀም 15 ደቂቃ፣ በሁሉም ቦታ እኩል። ዓይን ሁልጊዜ ትልቁንና ፈጣኑን ይመርጣል፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ለትንንሾቹና ለማይንቀሳቀሱት ብቻ መተው ጥሩ ልማድ ነው። ሌላ ሰው ደግሞ የተጣለውን ቆሻሻ በዘፈቀደ ከመረጣቸው ትሪዎች መልሶ ይመልከት። አዲስ ቡድን ካገኘ ለቀማው አልበቃም ማለት ነው።

መለየቱ ላይ ብዙ ተማሪ የሚወድቀው ሦስት ጅራት ሲያይ ነው። ሜይፍላይ፣ ዳምዘልፍላይና ስቶንፍላይ ልጅነታቸውን ውሃ ውስጥ የሚያሳልፉ በራሪ ነፍሳት ናቸው። ሜይፍላይ ብዙውን ጊዜ ሦስት የጅራት ክር፣ በሆዱ ጎንና ጎን ስንጥብ (የውሃ ውስጥ መተንፈሻ)፣ በእያንዳንዱ እግር ጫፍ ደግሞ አንድ ጥፍር አለው። ዳምዘልፍላይም ከኋላው ሦስት ነገር አለው፤ ነገር ግን ክር ሳይሆን ጠፍጣፋ ቅጠል መሰል ስንጥብ ነው፣ በሆዱ ጎንም ምንም የለም። ስቶንፍላይ ሁለት ጅራትና በእያንዳንዱ እግር ሁለት ጥፍር ይዞ ስንጥቡ ደረቱ ሥር ነው። ጅራት ሲጎተት ስለሚቆረጥ ከጅራት ይልቅ ጥፍርና ስንጥብ ተመልከቱ። የካዲስፍላይ እጭ ትል ይመስላል፣ ከፊት ስድስት እግር፣ ከኋላ ሁለት መንጠቆ አለው፤ አንዳንዱ ቤት ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም። የካይሮኖሚድ ትንኝ እጭ እውነተኛ እግር የለውም፣ ቀጭንና ጥምዝምዝ ነው። ቀይ የሆነው በደሙ ውስጥ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ ይኖራል። የጥቁር ዝንብ እጭ ከኋላው ወፈር ብሎ በዚያው በኩል ድንጋይ ላይ ይጣበቃል።

አየር ከላይ የሚተነፍሱትን በጥንቃቄ ተርጉሙ። የወባ ትንኝ እጭ፣ ባለ ረጅም ጅራት የዝንብ ትል፣ አብዛኞቹ የውሃ ትኋኖችና ሳንባ ያላቸው ቀንድ አውጣዎች አየራቸውን ከውሃው ፊት ስለሚወስዱ ስለ ኦክስጅን ብዙ አይመሰክሩም። እነሱ ብቻ ሲቀሩ ግን ያ ራሱ ወሬ ነው።

ለጀማሪ የምንመርጠው የነጥብ አሰጣጥ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተሠራው ሚኒሳስ ነው፤ 13 ቡድን ብቻ ስላለው ያለ ማይክሮስኮፕ ይሠራል። ነጥቦቹ እነዚህ ናቸው፦ ጠፍጣፋ ትል 3፣ ሌሎች ትሎች 2፣ አልቅት 2፣ ሸርጣን ወይም ሽሪምፕ 6፣ ስቶንፍላይ 17፣ ባኤቲድ የሚባሉት ዓሣ መሳይ ሜይፍላዮች 5፣ ሌሎች ሜይፍላዮች 11፣ ዳምዘልፍላይ 4፣ የውሃ ተርብ 6፣ የውሃ ትኋንና ጥንዚዛ በአንድነት 5፣ ካዲስፍላይ 9፣ የዝንብና የትንኝ እጮች 2፣ ቀንድ አውጣ 4። የተገኙትን ቡድኖች ነጥብ ደምሮ ለቡድኖቹ ብዛት ማካፈል ነው። ድንጋያማ ወለል ላይ ከ7.2 በላይ ያልተነካ፣ ከ6.2 እስከ 7.2 ጥሩ፣ ከ5.7 እስከ 6.1 መካከለኛ፣ ከ5.3 እስከ 5.6 ደካማ፣ ከ5.3 በታች እጅግ ደካማ ነው።

ለምሳሌ ከላይኛው የናሙና ቦታ ሁለቱም ዓይነት ሜይፍላይ፣ ካዲስፍላይ፣ ሸርጣን፣ የውሃ ተርብ፣ ጥንዚዛና የትንኝ እጭ ቢገኙ 5፣ 11፣ 9፣ 6፣ 6፣ 5 እና 2 ተደምረው 44 ይሆናሉ፤ ለ7 ሲካፈል 6.3። ከታችኛው ትል፣ አልቅት፣ የትንኝ እጭ፣ የውሃ ትኋንና ቀንድ አውጣ ቢገኙ 15 ለ5 ተካፍሎ 3 ነው። ይህ ልዩነት ማብራሪያ አያስፈልገውም። የሚያስቸግረው 6.3 እና 5.9 ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ልዩነት ሲመጣ ናሙናው በሌላ ቀን ካልተደገመ ምንም አትበሉ።

ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ስቶንፍላይ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የስቶንፍላይ ዝርያ በጣም ጥቂት ስለሆነ ከንጹሕ የደጋ ጅረትም ሊጠፋ ይችላል፤ 17 ነጥብ ስላጣችሁ ጅረቱ ተበክሏል ማለት አይደለም። ከደቡብ አፍሪካው መለኪያ ይልቅ የራሳችሁን የላይኛውን የናሙና ቦታ መመዘኛ አድርጉ የምንለው በዚህ ምክንያት ነው። ሁለተኛው፣ ሚኒሳስ መኖርን እንጂ ብዛትን አይቆጥርም። ከገባር ወንዝ ተጠርጋ የመጣች አንዲት ሜይፍላይ 11 ነጥብ ይዛ ትገባለች። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቡድን ጎን አንድ፣ ከ2 እስከ 10፣ ከ10 እስከ 100፣ ከ100 በላይ እያላችሁ ጻፉ። ባኤቲድም ብዙ ሲገኝ አትደሰቱ፤ ከሜይፍላዮች ሁሉ ቻይ ከሚባሉት ስለሆኑ ቀለል ያለ የከተማ ቆሻሻ ባለበት በብዛት ይገኛሉ።

ነጥቡ ከታወቀ በኋላ ያለው ጥያቄ ምን ዓይነት ብክለት ነው የሚለው ነው፤ ለኮምቦልቻ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። የሽንት ቤት፣ የቄራ ወይም የምግብና መጠጥ ፍሳሽ ሲበዛ ዓይነቱ ይቀንሳል፣ ቁጥሩ ግን ይፈነዳል፦ ትሪው በቀይ የትንኝ እጭና በቀጫጭን ትል ይሞላል፣ ድንጋዩም ግራጫ ጥጥ የመሰለ ልጋግ ይለብሳል። መርዛማ ነገር ሲሆን፣ ለምሳሌ ክሮም ወይም ኃይለኛ አሲድና ሶዳ፣ ዓይነቱም ቁጥሩም አብረው ይወድቃሉ፤ ቻይ የሚባሉት ትሎች እንኳ ይሳሳሉ። ደለል ሲሆን ደግሞ በድንጋይ ሥር ክፍተት የሚኖሩት ይጠፋሉ፣ ጭቃ ወዳዶቹ ይቀራሉ፣ ውሃው ግን ሲለካ ደህና ነው። ባዶ ትሪ ይዞ የመጣ ተማሪ አንዳንዴ አለቃቀሙን ይጠራጠራል፤ በላይኛው ነጥብ ያው ሰው ብዙ ካገኘ ባዶው ትሪ ራሱ ውጤት ነው።

ከእንስሳቱ ጋር የውሃውን ሙቀት፣ ፒኤች፣ ኮንዳክቲቪቲና የሟሟ ኦክስጅን መመዝገብ ይገባል። የኦክስጅን መለኪያው ለከፍታ ካልተስተካከለ ያሳስታል። በባሕር ጠለል ላይ በ16 ዲግሪ ሙሉ በሙሉ የጠገበ ውሃ በሊትር 9.9 ሚሊግራም ገደማ ሲይዝ፣ ደሴ ላይ ያው ውሃ ከ7.3 አያልፍም፤ ኮምቦልቻም በ22 ዲግሪ ወደ 7 ነው። ስለዚህ 6.5 ማንበብ እዚህ ጥሩ ውሃ ነው፤ ከመጽሐፍ በተገኘ የቆላ ሠንጠረዥ ተበክሏል ብሎ የጻፈ ሪፖርት ዋጋ የለውም። ደግሞ ከሰዓት በኋላ አልጌ ኦክስጅን ስለሚያመርት ንባቡ ይጨምራል፤ ሁሉንም ነጥቦች በተቀራራቢ ሰዓት ለኩ።

ከታች ድንጋይ የሌለበት ቦታ ሲያጋጥም የሽንኩርት መረብ ከረጢት ይረዳል። ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር የሆኑ ድንጋዮች ከአንዱ ቦታ ለቅማችሁ ለሁሉም ከረጢት በእኩል ሙሉ፣ በእያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ሦስት አስቀምጡ፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ተዉት። ወለሉ በዚህ ተመሳሰለ ማለት ነው። ገመዱ በግልጽ ከታየ ይወሰዳል፤ በድንጋይ ሸፍናችሁ ለአካባቢው እረኞችና አጣቢዎች ምን እንደሆነ ንገሩ፣ ጠባቂዎቹ እነሱ ይሆናሉ። ሲነሣ ከሥሩ መረብ ሳይያዝ ከተነሣ ግማሹ እንስሳ ይረግፋል። ደለል የሞላውን ከረጢት አትቁጠሩ፣ መሙላቱን ግን መዝግቡ።

ማይክሮስኮፕ ያለው፣ ለምሳሌ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ እስከ ቤተሰብ (ፋሚሊ) ደረጃ ይለይና የሒልሰንሆፍን የቤተሰብ መለኪያ ይሥራ፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ብክለትን የመቻል ነጥብ ይሰጣል፣ ከ0 እስከ 10 ሲሆን ከፍ ሲል መጥፎ ነው። ከ100 እንስሳት 40 ባኤቲድ በ4፣ 20 ሃይድሮሳይኪድ (የካዲስፍላይ ቤተሰብ) በ4፣ 30 ቀይ ያልሆነ የትንኝ እጭ በ6፣ 10 ትል በ8 ሲባዛ ድምሩ 500፣ ለ100 ሲካፈል 5.0 ይሆናል፤ በመለኪያው ከ4.26 እስከ 5.00 ጥሩ ነው። የቻይነት ነጥቦቹ ግን ከአሜሪካ ወንዞች የተወሰዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ለኢትዮጵያ ደጋ ወንዞች የተዘጋጀው ኢትባዮስ የተባለው የነጥብ አሰጣጥ አገራችን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ ለመመረቂያ ጽሑፍ እሱን ማስቀደም ይሻላል።

ለዚህ ደረጃ ናሙናው በአልኮል ይቆይ። አረቄ አይበቃም፤ ይዘቱ አነስተኛ ስለሆነ እንስሳቱ ይበሰብሳሉ። ከ95 በመቶ በላይ የሆነውን ከመድኃኒት መደብር ገዝታችሁ ናሙናው ላይ ጨምሩ፣ ናሙናው ራሱ ውሃ ስለያዘ ይቀጥነዋልና በማግሥቱ ቀይሩት። ለማቆያ 73 ሚሊሊትር የ96 በመቶ አልኮል ከ27 ሚሊሊትር ውሃ ጋር 70 በመቶ ይሰጣል። የቦታው ስም፣ ቀኑ፣ የወለሉ ዓይነትና የሰብሳቢው ስም በእርሳስ በወረቀት ተጽፎ ብልቃጡ ውስጥ ይግባ። በእስክሪብቶ የተጻፈው በአልኮል ይታጠባል፣ ከውጭ የተለጠፈውም ይወድቃል፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ብልቃጥ ደግሞ መጣል ብቻ ነው የሚቀረው።